አልጋው በስንት፣ ሐይቁ በስንት

ከሐዋሳው የዓሣ ገበያ ከአሞራ ገደል ጀምሮ ዓሣ ከሐይቁ በራቀ ቁጥር ይወደዳል፤ አልጋ ደግሞ ከሐይቁ በራቀ ቁጥር ይረክሳል። ይህን ለማረጋገጥ ኢኮኖሚክስ መማር አያስፈልግም። ጠዋት ከጀልባዎቹ ተነስቶ በእግር ወደ ፒያሳ መውጣትና በየደረሱበት ዋጋ መጠየቅ ይበቃል። ገና ከመረብ እየተፈታ ያለው ቆሮሶ አንድ ዋጋ አለው። ቅርፊቱ ተፍቆ፣ ፊሌቶ ሆኖ፣ ከዳጣ ጋር ሲቀርብ ሌላ ዋጋ ያወጣል። ፒያሳ ደርሶ ጨርቅ የለበሰ ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጥ እንደገና ይጨምራል። በበረዶ ተሸፍኖ 275 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ አዲስ አበባ የገባ እንደሆነ ደግሞ «የሐዋሳ ዓሣ» የሚል ማዕረግ ደርቦ፣ በሕይወቱ አይቶት የማያውቀውን ክብር ያገኛል።

አልጋ ይህን መንገድ ሽቅብ ሲወጣ እየከሳ ነው የሚሄደው። ውሃው ዳር «ሪዞርት» ይባላል፣ ትንሽ ራቅ ሲል «ሆቴል»፣ አስፋልቱን ሲሻገር «ፔንሲዮን»፣ ኮብልስቶኑ ሲያልቅ «የአልጋ ክፍል አለን» የሚል በእጅ የተጻፈ ቆርቆሮ ይሆናል። አራቱም ውስጥ የተኛ ሰው ዓይኑን ከጨፈነ በኋላ የሚያየው ያው ጨለማ ነው።

ምክንያቱን ያወቅሁት ከዓሣ አጥማጆቹ ነው። ዓሣን ይሸከሙታል፤ ሐይቁን ግን የሚሸከም የለም። የሚሸከሙት ነገር የተሸካሚውን ድካም፣ የበረዶውን፣ የነዳጁንና የነጋዴውን ትርፍ እየጨመረ ስለሚሄድ፣ ሲርቅ ይወደዳል። የማይሸከሙት ነገር ዘንድ ደግሞ ራስን ተሸክሞ መሄድ ግድ ነው፤ አጠገቡ ያለች ቦታ ጠባብ ናት፣ የሚፈልጋት ብዙ ነው። ስለዚህ ሲቀርቡት ይወደዳል። ባለሆቴሉ አልጋ አከራየሁ ይላል እንጂ የሚያከራየን የአልጋውን ጎረቤት ነው።

ጎረቤቱ በእርግጥ ጎረቤት ነው። የሐዋሳ ሐይቅ ከባሕር ጠለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ የተኛ፣ 90 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል የሚሰፋ ውሃ ነው። ጥቁር ውሃ ወንዝ ይገባበታል፤ ከእርሱ ግን በገጸ ምድር የሚወጣ ወንዝ የለም። የገባውን የማያስወጣ በመሆኑ ከዳርቻው ነጋዴዎች ጋር ተግባብቶ ይኖራል።

የሐዋሳ ነዋሪ መሆን ደመወዝ የሌለው የደላላነት ሥራ ነው። ከተማዋ በ1952 ዓ.ም. ስትቆረቆር ይህ በደንቧ ውስጥ ተጽፎ እንደሆነ አላውቅም፤ ግን እዚህ የሚኖር ሰው ሁሉ ስልኩ የሚጮኸው ለአንድ ጉዳይ ነው።

«ወንድምዬ፣ ዓርብ ልንመጣ ነው፤ አንድ ሁለት አልጋ ያዝልን።»

«ምን ዓይነት አልጋ ልያዝ?»

«ኧረ እኛ ምን እንመርጣለን! ለአዳር ብቻ ነው።»

«ለአዳር ብቻ ነው» ያለ ሰው ከባዱ ደንበኛ ነው። ቀጥሎ የሚመጣውን ዝርዝር እየጻፋችሁ ስሙ። ንጹሕ ይሁን። ሙቅ ውሃ ይኑረው። መኪና ግቢ ያስገባ። ሙዚቃ አጠገቡ አይኑር፤ ግን ማታ ወጣ ብለን የምንዝናናበት ቅርብ ይሁን። ሐይቁ ይታይ፣ ባይሆን እንኳ በመስኮቱ ጥግ። ዋጋው ደግሞ መናኸሪያ አካባቢ እንዳለው አልጋ ይሁን። ይህን ሁሉ ሲናገሩ ድምፃቸው ትሑት ነው፤ ከትሕትናው የተነሳ እንቢ ለማለት ያሳፍራል።

ከደንበኞቼ ሁሉ የተራቀቀ ክርክር ያቀረቡልኝ አዲስ አበባ የሚኖሩት አክስቴ ናቸው። የሐይቅ ዳር አልጋ ዋጋ ስነግራቸው ለጥቂት ጊዜ ዝም አሉና፣

«ልጄ፣ አዳር ማለት ማታ አይደለም?» አሉኝ።

«ነው አክስቴ።»

«ማታ ጨለማ አይደለም?»

«ጨለማ ነው።»

«በጨለማ ሐይቁ ይታያል?»

«አይታይም።»

«ታዲያ ለማይታየው ነው የሚያስከፍሉን? በል፣ ቀን የሐይቁን፣ ማታ የአልጋውን ለያይተው እንዲያስከፍሉ ንገርልኝ።»

ንገርልኝ ያሉኝን አልተናገርኩም። ግን ነገሩ ከአእምሮዬ አልወጣም፤ ምክንያቱም አንድ ግቢ ውስጥ እንኳ ሁለት ዋጋ አለ። ፍራሹ ከአንድ ፋብሪካ፣ አንሶላው ከአንድ ጣቃ፣ ሳሙናው ከአንድ ካርቶን የወጣ ሆኖ፣ ፊቱን ወደ ውሃው ያዞረው ክፍል ፊቱን ወደ በሩ ካዞረው ይበልጣል። ልዩነቱ የመስኮት ነው። እንግዳው ከፍሎበት ይገባል፤ ገብቶ መጋረጃውን ይዘጋል፤ ቴሌቪዥን ይከፍታል።

የቦታን ነገር በደንብ ከተረዱት ሰዎች አንዱ ኃይሌ ገብረ ሥላሴ ነው። በ2008 እ.ኤ.አ. በርሊን ላይ ማራቶንን በ2 ሰዓት ከ3 ደቂቃ ከ59 ሰከንድ የሮጠ፣ ዓለምን በእግሩ ያዳረሰ ሰው፣ ሐዋሳ ላይ ሪዞርት ሲሠራ የመረጠው ውሃው ዳር ነው። ከሁሉም በላይ ርቀት የሚያውቅ ሰው ርቀት ለእንግዶቹ እንዳይደርስ አደረገ። እንደኔ ያለው የሰፈር ደላላ ግን ሁሉንም ሰው ውሃው ዳር ማስተኛት አይችልምና ከተማዋን በየቀለበቱ ማወቅ አለበት።

የመጀመሪያው ቀለበት ሐይቅ ዳር ነው፤ ክፍለ ከተማውም በዚሁ ስም ይጠራል። እዚህ የምትከፍሉበት ነገር ብዙ ነው፤ ጠዋት ውሃው ላይ የሚያንዣብበው ጉም፣ የዋርካው ጥላ፣ ከዛፍ ዛፍ የሚዘሉት ጉሬዛዎች፣ የጀልባው ጉዞ። ሳይከፈልበት የሚመረቅ ነገርም አለ፤ ቢምቢ። ሐይቁን ለማየት የመጣው እንግዳ ብቻ አይደለም። አጎበሩን በትክክል ያልዘረጋ ሰው ጠዋት ሲነሳ ለቦታው ከከፈለው ገንዘብ በላይ ትንሽ ደምም ጨምሮ እንደከፈለ ይገባዋል። ቅዳሜ ማታ ደግሞ ከአጠገቡ ካለው ግቢ የሚመጣው ሙዚቃ አለ፤ ይኼም በነጻ ነው።

ሁለተኛው ፒያሳ ነው። ከቅዱስ ገብርኤል ቤተ ክርስቲያን ወደ ሐይቁ የሚወርደው ሰፊ ጎዳና ግራና ቀኝ ያለው አልጋ ሐይቁን አያሳይም፤ ግን «አምስት ደቂቃ ነው» ይላል። የባለሆቴል አምስት ደቂቃ ከባጃጅ አምስት ደቂቃ ይለያል፣ ከእግር አምስት ደቂቃ ደግሞ ጭራሽ አይገናኝም። እዚህ የሚከፈለው ለሁሉም ነገር መካከል በመሆን ነው፤ ለባንኩ፣ ለካፌው፣ ለፋርማሲው፣ ለማኪያቶው።

ሦስተኛው መናኸሪያ ነው። እዚያ ያለው አልጋ ሰዓት ይሸጣል። ንጋት ላይ ወደ ሻሸመኔ፣ ወደ ዲላ፣ ወደ አዲስ አበባ የሚሳፈር ሰው ለሐይቅ ግድ የለውም፤ የሚፈልገው ቦርሳውን አንጠልጥሎ በእግሩ መኪና መድረስ ነው። የማንቂያ ደወል ከዋጋው ጋር ተካትቷል። ጎሕ ሳይቀድ ረዳቶቹ «አዲስ አበባ! አዲስ አበባ! የሞላ!» ማለት ሲጀምሩ የማይሄደውም ይነሳል። የሞላ ያሉት መኪና ለመሙላት ገና አንድ ሰዓት እንደሚቀረው የሚያውቅ ብቻ ተመልሶ ይተኛል።

አራተኛው ቀለበት ከታቦር ተራራ ወዲያ፣ ከአስፋልቱ ገባ ብሎ ያለው ነው። ንጹሕ ነው፣ ጸጥ ያለ ነው፣ ርካሽ ነው። ቆጣቢ እንግዳ የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው። ዋጋውን ሰምቶ «አየህ፣ እንዲህ ያለውን ነው የምፈልገው!» ይላል። ጠዋት ለዓሣ ሾርባ ወደ አሞራ ገደል በባጃጅ ይወርዳል። ልጁ ኮፍያ ረስቷልና ይመለሳሉ። ከሰዓት ለጀልባ ይወርዳሉ። ማታ ለእራት ይወርዳሉ። ማታ ሲመለሱ መስመር የሚሠራ ባጃጅ የለም፤ ኮንትራት ነው። የኮንትራቱን ዋጋ የሚወስነው የመንገዱ ርዝመት፣ የሰዓቱ መምሸትና የእንግዳው የአዲስ አበባ አነጋገር ነው። እሑድ ሲደመር ርካሹ አልጋ ባጃጅ ላይ እየተሳፈረ ሄዶ ሄዶ ሐይቅ ዳር ገብቷል። ያተረፈው ባለባጃጁ ነው።

የቀለበቱ ነገር የእኔ ፈጠራ አይደለም። ዮሐን ሃይንሪሽ ፎን ቲዩነን የተባለ የጀርመን ባለርስት በ1826 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ አንዲት ከተማን መሐል አስቀምጦ፣ በዙሪያዋ ክብ ክብ እየሠራ፣ ወተትና አትክልት ለምን ቅርብ፣ እህልና ከብት ለምን ሩቅ እንደሚሆን፣ የመሬቱም ኪራይ ከገበያው በራቀ ቁጥር እንዴት እንደሚወርድ አስረዳ። ጥሩ ሰው ነው፤ ሐዋሳ ቢመጣ ግን ክቡን በግማሽ ነበር የሚሥለው፤ ቀሪው ውሃ ነው። ሁለተኛ፣ ስለ ታኅሣሥ 19 የጻፈው ነገር የለም።

ታኅሣሥ 19 እና ሐምሌ 19 ሐዋሳ ላይ ካርታው ይገለበጣል። የቅዱስ ገብርኤል ዓመታዊ ክብረ በዓል ነው። ያን ዕለት ሕዝብ ወደ ቁልቢ እንደሚጎርፍ ሁሉ ወደ ሐዋሳም ይጎርፋል። ከዋዜማው ጀምሮ የአልጋ ጎረቤት ሐይቁ መሆኑ ይቀርና ቤተ ክርስቲያኑ ይሆናል። በአዘቦቱ ቀን «ከሐይቁ ራቅ ይላል» ተብሎ ይቅርታ ሲጠየቅበት የነበረ ክፍል፣ ከገብርኤል አጥር ጋር የሚዋሰን ከሆነ በአንድ ሌሊት ሪዞርት ይሆናል። መዝጊያው የማይገጥም፣ ሻወሩ የጋራ፣ አምፖሉ የሚርገበገብ ክፍል ባለቤቱ ፊት ላይ አንድ ዓይነት ግርማ ሞገስ ይታያል። ዋጋ ጠይቃችሁ ስትደነግጡ፣ «ቅዳሴው እኮ አልጋ ላይ ሆነው ይሰማሉ» ይላችኋል። ጎረቤቱን ነው የሚሸጠው።

ከዚያ ሲያልፍ አራቱም ቀለበቶች አንድ ይሆናሉ። አልጋ የለም። ባለቤት ሳሎኑን ያከራያል፣ የተከራየም ሰው ፍራሹን ለሁለት ይከፍላል፣ መኪና ይዞ የመጣው መቀመጫውን አስተኝቶ ያድራል፣ በአውቶቡስ የመጡት ምእመናን እዚያው አውቶቡሳቸው ውስጥ ተደጋግፈው ያሸልባሉ፣ በረከቱን የፈለገ ነጠላውን ተከናንቦ ቅጥር ግቢ ውስጥ ያነጋል። ያን ሌሊት ከሁሉ ያነሰ የከፈለው ሰው ከሁሉ የቀረበ ቦታ ላይ ነው ያደረው፤ ቲዩነን ይህንንም አላየም።

የሲዳማ ዘመን መለወጫ ፍቼ ጨምበላላም ሲመጣ ነገሩ ይደገማል። በ2015 እ.ኤ.አ. ዩኔስኮ በማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ያሰፈረው በዓል ነው። ቀኑን የሚቆርጡት ከዋክብትን የሚመለከቱት አያንቱዎች ናቸው። ገብርኤል ቀኑ የታወቀ ነው፤ ባለአልጋው ከወር በፊት ዋጋውን አስልቶ ይጠብቃል። ለፍቼ ግን አያንቱዎቹ እስኪናገሩ መጠበቅ አለበት። ዋጋውን ለመስቀል ሰማይ የሚያይ ነጋዴ ያለባት ከተማ ናት።

ይህን ሁሉ እያወቅሁ፣ ፍቱን መፍትሔ ያለው አሜሪካ ነው ብዬ አምን ነበር። እዚያ ያለው የአክስቴ ልጅ ሜሪላንድ ነው የሚኖረው። አንድ ክረምት እናቱን ሊያንሸራሽር አርቪ የሚሉትን፣ ቤት የተሠራበትን መኪና ተከራየ። አክስቴ ከዚያ ሲመለሱ ሐዋሳ መጥተው አሞራ ገደል ዋርካው ሥር ተቀምጠን የጉዞውን ዜና አወሩልኝ።

«ምን ልበልህ፤ ቤቱን ጎማ ላይ ሠርተውታል። ምድጃ አለው፣ ማቀዝቀዣ አለው፣ ሁለት አልጋ አለው፣ ይቅርታ አድርግልኝና ሽንት ቤት አለው። የአልጋ ደላላ የሚባል የለም። ደስ ብሎኝ እልል ልል ስል፣ ማታ አንድ ሜዳ ላይ ወስዶ አቆመና ኪሱ ገባ።»

«ለምን?»

«እኔም ያልኩት እንደዚያ ነው። 'እማዬ፣ የማደሪያ ነው' አለኝ። 'አልጋውን ይዘን መጥተን የለም እንዴ? እየከፈልክ ያለኸው ለማን ነው?' አልኩት። 'ለመሬቱ' አለኝ።»

አክስቴ ለመሬቱ የሚለውን ሲናገሩ በእርሳቸው ዘመን የተባለውን «መሬት ላራሹ» ያስታወሱ ይመስለኛል፤ ገጻቸው ላይ ትልቅ ቅሬታ አየሁ።

ልጃቸው በኋላ በስልክ አስረዳኝ። ዋሽንግተን ዲሲን ሊያይ የሚመጣ ባለአርቪ፣ ሜሪላንድ ኮሌጅ ፓርክ ውስጥ ቼሪ ሂል ፓርክ የሚባል የግል ማደሪያ ያገኛል። መኪናውን አቁሞ የውሃ ቱቦውን፣ የመብራት ገመዱንና የፍሳሽ ቱቦውን ይሰካል፤ መዋኛም አለ። ዋና ከተማዋ አፍንጫው ሥር ናትና የአዳሩ ዋጋ የደህና ሆቴልን ይጠጋል። ከዚያው ብዙም ሳይርቅ ደግሞ ግሪንቤልት ፓርክ የሚባል የፌዴራል መንግሥት ጫካ አለ። መኪና ማቆሚያ፣ ጠረጴዛ፣ ምድጃና ዛፍ ይሰጣል፤ የሚሰካ ውሃም መብራትም የለም። ዋጋው የዚያኛው ቁራጭ ነው። አክስቴ ያደሩት ሁለተኛው ላይ ነው፤ በተለየ ደስታ። ለምን እንደሆነ ሲነግሩኝ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ፤

«እድሜዬን አይተው በግማሽ ቀነሱልኝ።»

እውነታቸውን ነው። 62 ዓመት የሞላው ዜጋ ወይም ባለግሪን ካርድ፣ የአዛውንት ካርድ ካወጣ፣ ብዙዎቹ የፌዴራል ማደሪያዎች ላይ ግማሽ ዋጋ ይከፍላል። አክስቴ እድሜያቸውን በአደባባይ አምነው የተቀበሉት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

ቦታ እዚያም እንደኛው አገር ይገዛል። ክረምት በገባ ጊዜ ሰሜኖቹ ጡረተኞች ቤታቸውን እየነዱ ወደ ፍሎሪዳ ይወርዳሉ፤ ውሃው ዳር ያለችው የመጀመሪያ ረድፍ ከኋላዋ ካለው ረድፍ ትበልጣለች፤ የወቅቱ ዋጋም ከበጋው ጋር አይገናኝም። በሌላው ጫፍ አሪዞና በረሃ ውስጥ ኳርትዝሳይት የምትባል ቦታ አለች። እዚያ መንግሥት ለረጅም ጊዜ ነዋሪዎች ባዘጋጀው ሜዳ ከመስከረም መጀመሪያ እስከ ሚያዝያ መጀመሪያ፣ ሰባት ወር ሙሉ፣ በ180 ዶላር ሲያሳድር ኖሯል። ወቅቱን ሙሉ ለቆየ ሰው በአንድ አዳር አንድ ዶላር አይሞላም ነበር። ጎረቤቱ ጠጠርና ቁልቋል ነው። ዮሰማይት የመሰሉት ስመ ጥር ፓርኮች ደግሞ ጎረቤታቸው ውድ፣ ዋጋቸው መንግሥት የያዘው ዝቅተኛ ነው፤ እዚያ የሚከፈለው በጣት ነው። የማስያዣው ሰዓት ሲከፈት ኮምፒውተር ፊት ተቀምጦ ያልፈጠነ ሰው ቦታው በደቂቃዎች ውስጥ ያልቅበታል። ዋጋው ባይጨምር ወረፋው ይጨምራል፤ የሐይቅ ዳር ወንበርም ቢሆን እሑድ ከሰዓት የሚገኘው እንዲሁ ነው።

ጨርሶ መክፈል የማይፈልግ አንዳንድ የዋልማርት መደብሮች ግቢ ውስጥ አቁሞ ያድራል፤ ሥራ አስኪያጁ ከፈቀደ። ጎረቤቱ የግሮሰሪ ጋሪ ነው።

እንግዲህ አሜሪካኖቹ ሕጉን ሊያመልጡት ሞክረዋል። አልጋውን የሚሸከሙት ነገር አደረጉት፤ ምድጃውን፣ ሽንት ቤቱንም ጭምር። የቀረው የማይሸከሙት ብቻ ነው፤ ለእርሱ ደግሞ በየማታው ይከፍላሉ።

እኛም አገር አርቪ የለም ማለት ሐዋሳን አቋርጦ ወደ ሞያሌ የሚሄደውን መንገድ አለማየት ነው። ተሳቢው ሁሉ አርቪ ነው። ሹፌሩ ጋቢናው ውስጥ ከመቀመጫው ኋላ ባለችው ፍራሽ ላይ ይተኛል፣ ረዳቱ ሸራው ላይ ወይ ከሥሩ ያነጥፋል፣ ቡታጋዝ አለ፣ ጀሪካን ውሃ አለ፣ የክራር ካሴቱ በፍላሽ ተተክቶ አለ። አንድ ሹፌር ሻይ እየጠጣን ስለ ማደሪያ ምርጫው ጠይቄው ነበር።

«ጋሼ፣ እኔ ማደሪያ አልመርጥም» አለኝ። «የሚመርጠው ጭነቱ ነው። ሲሚንቶ ከጫንኩ የትም አድራለሁ፤ ማን ተሸክሞት ይሄዳል? ዘይት ወይ ስኳር ከጫንኩ ግን መብራት ያለበት፣ ዘበኛው የማይተኛበት፣ ሌሎች መኪኖች የቆሙበት ግቢ እፈልጋለሁ። መሬቱ ሜዳ መሆን አለበት። ምግብ ቤት ቢኖር ጥሩ ነው። ለዘበኛው እከፍላለሁ፣ እተኛለሁ።»

«ሐይቁስ?»

«የቱ ሐይቅ?»

ዓመታት በዚህ መንገድ ተመላልሷል። ለእርሱ የአዳር ጎረቤት ማለት ሌላ ተሳቢ ነው፤ የሚከፍለውም ለሌላው መኪና ዘበኛ ቅርበት ነው። የሚሸከሙት ነገር ሲርቅ ይወደዳል ያልኩትን እርሱ ነው የሚኖረው፤ ስኳሩን የሚያስወድደው ከፊሉ የእርሱ እንቅልፍ ማጣት ነው።

ሰሜን ተራሮች ላይ ደግሞ ነገሩ ጫፍ ይወጣል። በ1978 እ.ኤ.አ. ከመጀመሪያዎቹ የዓለም ቅርሶች ጋር የተመዘገበው ፓርክ ውስጥ ሳንቃበር፣ ግጭና ጨነቅ የሚባሉ የድንኳን ማደሪያዎች አሉ፤ ሦስቱም ከ3,000 ሜትር በላይ ናቸው። መሬቱ ራሱ ብዙ አያስከፍልም። ግን እዚያ ላይ ምንም የለምና ሁሉም ነገር ወጥቶ ነው የሚመጣው፤ ድንኳኑ፣ ፍራሹ፣ ድስቱ፣ ሽንኩርቱ። ስካውቱ ከነጠመንጃው፣ አስጎብኚው፣ ምግብ አብሳዩ፣ በቅሎው፣ የበቅሎው ነጂ ተደምረው የአንድ ሌሊት ሒሳብ ይሆናሉ። ሜዳው ርካሽ ነው፤ ሜዳው ላይ መተኛት ግን ሰልፍ ይፈልጋል። ጎረቤቱ ጭላዳ ዝንጀሮ ነው፤ ይኼ አያከራክርም።

ወደ ሐዋሳ ስመለስ፣ የማታውን ሒሳብ አንስተው የማይጨርሱት ነዋሪዎች እንጂ እንግዶች እንዳልሆኑ አያለሁ። ሐምሌ 2008 ዓ.ም. የኢንዱስትሪ ፓርኩ ከተመረቀ በኋላ ከየገጠሩ ልብስ ሊሰፉ የመጡት ወጣት ሴቶች አንድ ክፍል ለብዙ ሆነው ይከራያሉ። ለእነርሱ ጎረቤቱ ሰርቪሱ የሚቆምበት ማዕዘን ነው። ከማዕዘኑ አንድ መንገድ የራቀ ክፍል ርካሽ ነው፤ የማታ ፈረቃ ወጥቶ በጨለማ በእግር መግባትን ግን የኪራዩ ወረቀት አይጠቅሰውም። ሐይቁን የሚያየውን ክፍል አንሶላ በየጠዋቱ የምትቀይረው ልጅም የምታድረው አራተኛው ቀለበት ወዲያ ነው። ውሃውን ከእንግዳው የበለጠ ታየዋለች፤ ግን በሥራ ሰዓት ነው፣ መጋረጃውን የምትከፍተውም እርሷ ናት።

በነጻ የያዘው አሞራው ነው። አባ ኮዳ ከጀልባዎቹ አጠገብ፣ ከተማዋ ውስጥ አሉ ከሚባሉት ቦታዎች ሁሉ በሚበልጠው ላይ፣ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ እንደ ጡረተኛ ዳኛ ቆሞ፣ የዓሣ ሆድ ዕቃ እስኪወረወርለት ይጠብቃል። ቁርስ ተካቷል። ጉማሬውም ቀኑን ውሃ ውስጥ ያሳልፍና ሌሊት ሣር ሊግጥ ወደ ዳር ይወጣል፤ ያን ጊዜ ለሐይቅ ዳሩ የከፈሉት ሁሉ በራቸውን ቆልፈው ተኝተዋል።

እንግዲህ ዓርብ ልትመጡ ያሰባችሁ ወዳጅ ዘመዶቼ ሆይ፤ ስልክ ከመደወላችሁ በፊት የሚከተለውን እወቁልኝ። ሐይቁን ፈልጋችሁ እንደሆነ ክፈሉና መጋረጃውን ክፈቱ፤ ዘግታችሁ ልትተኙ ከሆነ ፊቱን ወደ በሩ ያዞረው ክፍል ይበቃችኋል። ንጋት ላይ መኪና የምትይዙ መናኸሪያ እደሩ፤ ሐይቁን ለሌላ ጊዜ አቆዩት። ልጆች ይዛችሁ ራቅ ያለ ርካሽ አልጋ ስትይዙ የባጃጁን ምልልስ አልጋው ላይ ደምሩበት። በገብርኤል የምትመጡ፣ ነጠላችሁን ወፍራም አድርጉት።

ቅርብ፣ ጸጥ ያለና ርካሽ የሚለውን ሦስቱን በአንድ ላይ የምትፈልጉ ከሆነ ግን ከሦስቱ አንዱን ተዉ። አንተውም ካላችሁ ሐዋሳ ውስጥ ይህን የሚያሟላ አንድ አልጋ አለ፤ የእኔ ሳሎን ሶፋ። አክስቴ ያውቁታል። ባለፈው አድረውበት ጠዋት ሲነሱ ወገባቸውን ይዘው፣ «ልጄ፣ ያ የሐይቅ ዳሩ አልጋ ስንት ነው ያልከኝ?» ብለው ጠይቀውኛል።